ለሊማሊሞ ቁልቁለት የእግር ማሳረፊያ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ በላቸው፣ አስመራ።

ከጎንደር እስከ አስመራ ባለው መንገድ ላይ የመታጠፊያው ብዛት ያህል ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በብየዳው እሳት ይቆጠቁጥዎ የነበረው ዓይንዎ ተሻለው ወይ? ባለቤትዎ እትዬ አምሳልስ ደኅና ናቸው? ልጅዎ ዳኛውስ? ትምህርት ቤት ገባ ብለው ከጻፉልን ወዲህ መልኩን በሐሳቤ ልስለው እየሞከርሁ አልሆንልህ ይለኛል፤ ሁልጊዜ የእርስዎን ጢም አደርግለታለሁ። እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ይህንን የጻፍሁት ግን ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ስለሚባል ነው። እውነቱን ለእርስዎ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ፤ እኔ ደኅና አይደለሁም።

ፈርቻለሁ፣ አያ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የፈራሁትን ሁሉ ለእርስዎ እየነገርሁ ነው ያደግሁት፤ አሁን ባለ ትዳርና ባለ መንጃ ፈቃድ ሆኜም አልተለወጥሁም። ለባለቤቴ ለጽጌሬዳ እንኳ አልነገርኋትም። ሹፌር ፈራሁ ብሎ ካወራ ማን አብሮት ይሳፈራል? ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ በሩን ዘግተው ያንብቡት፤ ጋራዡ ውስጥ ጮክ ብለው እንዳያነቡብኝ አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከደባርቅ ገብስና ባቄላ ጭነን ወደ ዛሪማ ስንወርድ ወልቀፊት ላይ በረዶ ጣለብን። መንገዱ ጨው የተበተነበት መሰለ። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር እግሬን ፍሬኑ ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም። በረዶውን አልፈን ሊማሊሞን ስንይዝ፣ መንገዱም ተመልሶ ጥቁር ሲሆን አላነሳሁትም። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል። ቀጥሎ ከኋላ ጎማ ጢስ ወጣ፤ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰባት ተሳፋሪዎች መጮኽ ጀመሩ። ከዚያ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሰው በጨለማ ደረጃ አለ ብሎ ረግጦ ደረጃው ሲጠፋበት ምን እንደሚሰማው ያውቁታል፤ ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በግራዬ ገደል፣ በቀኜ ተራራው ነበር። መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዝሁት። ማኪናው ጎኑን ከተራራው ጋር እየፋቀ፣ የጎማ መከለያ ፓራፋንጎውን እየቀደደ ሄዶ ቋጥኝ ላይ ቆመ። ሰው አልሞተም፤ አልቆሰለምም። የአንድ ቄስ ጃንጥላ ብቻ ገደል ገባ፤ እሳቸውም ቁልቁለቱን በእግራቸው ሲወርዱ ስለ ነፍሳቸው ሳይሆን ስለ ጃንጥላቸው ያዝኑ ነበር አሉ። ተሳፋሪዎቹ ጀግና ነህ እያሉ በመስኮቱ በኩል እጄን ሳሙኝ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ መውረድ አልቻልሁም። የሰመጠውን ፔዳል እንደ ረገጥሁ እግሬ ደርቆ ቀረ። በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዤ ነው ያነሳሁት።

የማኪናው ባለቤት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡኝም። ከክረምት በፊት ለማኪናው አንድ ነገር አሠራለታለሁ፣ አንድ ብቻ፣ የምትነዳው አንተ ነህና ምረጥ አሉኝ። ምረጥ ይበሉኝ እንጂ የእሳቸው ልብ የት እንዳለ አውቃለሁ። የጭነቱ ዙሪያ አጥር፣ ስፖንዳው፣ በሁለት ጣውላ ከፍ ብሎ ጭነት እንዲጨምር ይፈልጋሉ፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ዳባት ሲነፋ ደባርቅ የሚሰማ ባለ ሁለት ድምፅ ክላክስ። እኔ ለብቻዬ ስመርጥ ሰነበትሁ። ለጉሙ ብጫ መብራት ይሁን? ለጭቃው ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ? ለበረዶው የጎማ ሰንሰለት?

ሰንሰለቱስ ጣሊያን ትቶት የሄደ አዘዞ ካለ መጋዘን ተገኝቷል። ደባርቅ ላይ ለሙከራ የኋላ ጎማዎቹን አሰርኋቸው። የገበያ ቀን ነበርና ሕዝቡ ከቦ ሲያይ አንድ ሽማግሌ፣ ምነው ልጄ፣ ማኪናውን ምን ለከፈው፣ ጸበል ልትወስደው ነው ወይ አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን በሆዴ፣ መታሰር የሚገባው ማን እንደሆነ ቢያውቁ ይህን ያህል ባልሳቁ አልሁ።

በመጨረሻ የፍሬን ሸራ ይቀየርልኝ አልሁ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም ክላክሱን እያዘኑ ተዉት። ሥራውን የያዙት አያ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ ያስታውሷቸው ይሆናል፣ በጣሊያን ጊዜ እዚህ ጎንደር ጋራዥ ይሠሩ የነበሩት፣ አንድ ጣት የጎደላቸው። ጎማውን ፈትተው፣ የፍሬኑን ታምቡር አውጥተው፣ የተቃጠለውን ሸራ በእጃቸው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ ይህን ሸራ መንገድ አልበላውም፣ አንተ ነህ የበላኸው አሉኝ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ ሞተሩ ይይዝልሃል፣ ፍሬኑን ነካ አድርገህ ልቀቅ፣ ይህን ለአንተ እኔ ልንገርህ ወይ አሉኝ። ሸጋ ሸራ እገጥምልሃለሁ፣ እግርህን ካላነሳህ ግን እሱንም በአንድ ቀን ትጨርሰዋለህ አሉ።

አያ፣ እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሁለት ሰው ማኪና መንዳት ሳስተምር ይህንኑ ተናግሬያለሁ። አእምሮዬ ያውቃል፤ እግሬ ግን አልሰማም አለኝ። ሸራው ከተቀየረ በኋላ አምስት ጊዜ ደባርቅ ደርሻለሁ፤ አምስቱንም ጊዜ አንድ ምክንያት ፈጥሬ፣ ጭነቱን ለሌላ አሳልፌ ከወልቀፊት ተመለስሁ። አንድ ጊዜ ራዲያተሩ ፈላ አልሁ። አንድ ጊዜ ሆዴን አመመኝ አልሁ፤ እሱ እንኳ ውሸት አልነበረም። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሳለ ጽጌሬዳ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና ምነው ወለሉን ትረግጣለህ አለችኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ተጭኖ ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ቁልቁለት እወርድ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ ቢሆን ኖሮ ማሽከርከሩን ትቼ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። አሁን ግን የእናታችን ነገር መጣ። ከእሷ ጋር ዛሪማ ያለችው እኅታችን ታየች በዲያቆን አስጽፋ እንደ ላከችልኝ፣ የእናታችን ግራ ዓይን በሞራ ጨርሶ ተሸፍኗል፤ በቀኙ የምታየው ጥላ ብቻ ነው። እዚህ ጎንደር ሆስፒታል ደግሞ ሞራ የሚገፍፍ ሐኪም ከሩቅ አገር መጥቷል፤ እስከ ሰኔ ሃያ ቆይቶ ይሄዳል። ጠይቄዋለሁ። ቀኙም ሳይጠፋ ትድረስ ነው ያለኝ። በበቅሎ ትምጣ እንዳልል አምና የወደቀች ዕለት የተጎዳው ዳሌዋ ኮርቻ አይችልም። ከማኪና በቀር መንገድ የላትም።

እሷም እሺ ብላለች፤ ግን በሁለት ነገር። ታየች ቃሏን እንዳለ አስጽፋዋለች፤ ልጄ ክንዱ ራሱ ካልነዳው አልወጣም፣ በላቸውም እጁን ያላሳረፈበት ማኪና ላይ አልወጣም ብላለች። ሌላ ሹፌር እንዳልልክ በዚህ ያዘችኝ። የእርስዎን እጅ ከየት ላምጣ? የጋራዡ ጌታዎ ፈቃድ እንደማይሰጥዎ አውቃለሁ። መጀመሪያ ላታልላት አሰብሁ፤ ይፍረዱብኝ። አንድ ብረት ከዚህ ገዝቼ በላቸው ልኮልሽ ነው ልላት ነበር። ከዚያ የበራችን መወርወሪያ ትዝ አለኝ። አስመራ ከመሄድዎ በፊት ሠርተውላት የሄዱትን፣ ዛሬም ድረስ ሲመሽ በእጇ እየዳበሰች ነው የምትዘጋው። የእርስዎ ሥራ ጠርዙ አይቆርጥም፤ እንደ ሳሙና ለስልሶ ነው ከእጅዎ የሚወጣው። ዓይኗ ቢጠፋም ጣቷ ያውቀዋል። በዚህ በኩል ልናታልላት አንችልም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። የፍሬን ሸራ አይላኩልኝ፤ አዲስ ነው ያለው። መብራትም፣ ክላክስም አልፈልግም። አንድ የእግር ማሳረፊያ ይሥሩልኝ። ከነዳጅ መስጫው አጠገብ ወለሉ ላይ በሁለት ቡሎን የሚታሰር፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወርዱ የጫማ ያህል፣ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያለ። ቡሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ልክ በወረቀት ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። ማርሹን አስገብቼ ቁልቁለቱን ስጀምር እግሬን እዚያ ላይ አኖረዋለሁ። ፍሬን የሚያስፈልገኝ ጊዜ አንስቼ ነካ አድርጌ እመልሰዋለሁ። እግሬ መሄጃ ስላጣ ነው ፍሬኑ ላይ የሚጣበቀው፤ ማረፊያ ከሰጠሁት ይሰማኝ ይሆናል። አያ ወልደኢየሱስ ይህን ስነግራቸው እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም አሉና፣ ይሠራ፣ እኔም በጊዜው ቢኖረኝ ጥሩ ነበር አሉ። የጎደለች ጣታቸውን ሥፍራ እያሹ ነው የተናገሩት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ይህ እስከ ሰኔ አምስት ድረስ ቢደርሰኝ ሰኔ ስድስት ወደ ዛሪማ እወርዳለሁ። ባይደርሰኝም እወርዳለሁ፤ ግን እናታችን ሳትወጣ ብትቀርስ? ሞራው የሚገፈፍበት ጊዜ በእኔና በእርስዎ መካከል ባለ አንድ ብረት ምክንያት ቢያልፍስ? ይህን ሳስብ ከገደሉ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።

አንድ ሌላም ልንገርዎ፤ ከሁሉ የከፋውን ወደ መጨረሻ አቆይቼው ነው። ብቻዬን መውረዱን እፈራለሁ፣ ግን እችለዋለሁ። እሷን ይዞ መውጣቱንም እችለዋለሁ፤ ስንወጣ ጥላ እንጂ ሌላ አታይም። የምፈራው ዓይኗ ድኖ ስመልሳት ነው። ያን ጊዜ ሊማሊሞን ታየዋለች። አጠገቤ ተቀምጣ ገደሉንም ታያለች፣ የእኔንም ፊት ታያለች። ፊቴን ካየች ሁሉን ነገር ታውቃለች፤ እርስዎም እኔም ምንም ደብቀናት አናውቅም። እግሬ ያን ቀን ያረፈ እንዲሆን ነው የምለምንዎ።

ዕቃውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአስመራ ለሚነሡት የጭነት ሹፌሮች ይስጡልኝ፤ በጨርቅ ጠቅልለው ስሜን ይጻፉበት። ዛሪማ ላይ እንዳያወርዱት ይንገሯቸው፤ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይድረስ፣ አስሬው ነው የምወርደው። መልስ ለመጻፍ ጊዜ ካጡ አይጻፉ፤ ብረቱ ራሱ መልስ ነው።

እትዬ አምሳልን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ የላኩልን ሻሽ ለጽጌሬዳ አምሮባታል፣ ለበዓል ብቻ ነው የምታወጣው። ለዳኛው አጎትህ ስሞሃል ይበሉልኝ፤ ማኪና እነዳለሁ ካለ ግን አያበረታቱት፣ ብየዳውን ያስተምሩት። ጋራዡ ውስጥ አብረውዎት ለሚሠሩት ሁሉ ሳያውቁኝም ቢሆን ሰላም ይበሉልኝ። ጽጌሬዳ ሰላም ብላችኋለች። አያ ወልደኢየሱስ የአስመራ ልጅ ሥራ እናያለን ብለዋል። ታየችም እናታችንም በደብዳቤያቸው ሰላምታቸውን ልከዋል፤ እናታችን ግንባርዎን ስማለች፣ በላቸው እንዴት ጠፋብኝ ትላለች።

እንግዲህ ጠርዙን ያለስልሱት። እናታችን ከመሳፈሯ በፊት ጎንበስ ብላ በእጇ እንደምትዳብሰው አልጠራጠርም፤ ስታገኘውም የበላቸው ነው ትላለች። ከዚያ ምንድን ነው ብላ ትጠይቀኛለች። ፍሬን ነው እላታለሁ። እርስዎንም ከጠየቀችዎ ፍሬን ነው ይበሉልኝ፤ ውሸት አይሆንብንም።

ታናሽ ወንድምዎ ክንዱ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.