በተዳፋት ላይ ሠላሳ ሜትር

ሚያዝያ 17 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለጥያቄ፤

ደህና መሆንሽን ከእናትሽ ሰምቻለሁ። ስትደውይ ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ እኔም አልከተላትም። እኔ ከአንድ ጥርስ በቀር ሙሉ ነኝ። የጥርሱን ነገር እናትሽ ብትነግርሽ አሳጥራ፣ አጎትሽ ቢነግርሽ አስረዝሞ ነውና ልኩን ከእኔ ስሚ።

ስለ ሰደድ እሳቱ «ቤቱ ተቃጠለ» ብለውሻል አሉ። እንዲህ በሁለት ቃል የሚያልቅ አይደለም። ነፋሱ ሲዞር ነበልባሉ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ወረደብን። የጎረቤት የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ የግቢያችንን በር ከማጠፊያው ነቀለው። እናትሽ ውሻውን ልፍታ ብላ ስትመለስ በፀጉሯ ጎትቼ አወጣኋት። ነክሳኛለች፤ ምልክቱ ክንዴ ላይ አለ። ውሻው ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲጮህ እየሰማን ነው የወረድነው። በማግስቱ ያገኘነው የድንጋዩን መሠረትና ያንቺን ክፍል ባለ አንድ ድንጋይ የጓሮ ደረጃ ብቻ ነው። የመስኮቱ መስታወት ቀልጦ መሠረቱ ላይ ተንጠባጥቧል።

አሁን ያለነው በአጎትሽ የጎማ መጠገኛ ቤት፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ጎማ በሸተታት ቁጥር እናትሽ እየባነነች ትነሳለች። ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያ ያስፈልገናል፤ ለጣሪያው ደግሞ ፈቃድ።

ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ደንብ አውጥቷል፦ ከጫካው ጠርዝ እስከ ሠላሳ ሜትር ምንም አይሠራም። እሳት ማቆሚያ ይሆናል። ደንቡን አልጠላሁትም። የጠላሁት ሊለካ የመጣውን ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሜትሮ» ይሉታል። ሜትሩን ከጫካው ጫፍ ጀምሮ ቁልቁል መሬት ላይ እያስተኛ፣ ችካል እየተከለ መጣ። መጨረሻው ችካል ያረፈው ደረጃሽ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት። የክፍሉ ቦታ ተርፏል፤ ደረጃዋን ብቻ ያንሷትና ነገ ፈቃድዎን ይውሰዱ» አለኝ።

ደረጃዋን ብቻ! የሄድሽ ዕለት ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ጫማሽን ያሰርሽባትን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ገና እየተናገርኩ ነበር። ያልኩት ልክ ነበር። ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀር ትምህርት ጥሎ መሄድ ስህተት ነው፤ ዛሬም ስህተት ነው።

«ርቀት እንዲህ አይለካም» አልኩት። «ሜትር በተዳፋት ላይ አይተኛም። በአየር ላይ በአግድም ይወጠራል፣ ከጫፉ በክር የታሰረ ቱንቢ ይወርዳል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል።»

«ጋሼ ተዉት። ለሁሉም እንዲህ ነው የለካነው፤ ይኼ ይሻልዎታል።»

«ስህተት አይሻለኝም።»

ወደ ቀን ሠራተኞቹ ዞር ብሎ፣ «አስተማሪ ሲያረጅ ጠመኔ መብላት ይጀምራል እንዴ?» አላቸው። ሳቁ።

እጄ ቀደመኝ። አፍንጫው ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሲወድቅ ችካሉ ክንዱን ሰነጠቀው። እኔ ግን አልበቃኝም። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ እየሳብኩ «በአግድም! በአግድም!» እል ነበር አሉ። አንዱ ሠራተኛ በአካፋ እጀታ አፌን ሲለኝ ጥርሴ ወለቀ፤ ያም ሆኖ አልለቀቅሁም። ጣቶቼን አንድ በአንድ የፈታው አጎትሽ ነው። ከዚያ ጣቢያ ወሰዱኝ። እዚያም ሆኜ የጻፍኩት ስለ ልኬቱ አቤቱታ ነው።

ሜትሮ ክሱን ተወው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሷ ቱንቢና ውኃ ልክ ይዛ መጣች። «አቤቱታዎ ትክክል ነው፤ እንደገና ይለካል» አለች። እኔ ሜትሩ በተወጠረ ቁጥር ጎንበስ እያልኩ የውኃ ልኩን አረፋ አየሁ። መሐል ላይ ሲቆም «ልክ ነው» እላለሁ፤ ይቀጥላሉ። «ልክ ነው» እላለሁ፤ ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ቱንቢ የወረደው አልጋሽ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ተዳፋት ላይ የተኛ ሠላሳ ሜትር በአግድም ሲለካ ሠላሳ አይሞላም፤ እንዲሞላ መስመሩ ቁልቁል ወደ ቤቱ ይገባል። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ነው። ስህተቱን ሳየው ደሜ ፈላ፤ ወደ ማን እንደሚያደላ ግን አላሰላሁም።

እናትሽ በዐመዱ መሐል ቀጥ ብላ መጣችና በሰው ፊት በጥፊ አለችኝ፤ ያውም በወለቀው ጥርስ በኩል።

«ለአንድ ድንጋይ ብለህ ክፍሏን አስበላኸው» አለች። «ልክ ነህ። ሁልጊዜ ልክ ነህ። ልጅቷ ስትሄድም ልክ ነበርክ። ስትመጣ የት ነው የምትተኛው? እስቲ እሱን ለክተህ ንገረኝ።»

ሜትሮ አፍንጫው እንዳበጠ ሜትሩን ይጠቀልል ነበር። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

በጫካው ሥር ያለው የጎረቤቶቻችን ረድፍ በሙሉ በኔ ምክንያት እንደገና ሊለካ ነው ስለተባለ፣ ትናንት የአጎትሽን መስኮት በድንጋይ አድቅቀውታል። የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አቤቱታ ግን አልጻፍኩም።

ፈቃዱ እንዲሰጠን የክፍልሽ መሠረት መነሳት ነበረበት። ሠራተኛ እንዳይነካው አልኩ። መዶሻውን አንስቼ ራሴ ፈለጥኩት። ፍንጣሪው ግንባሬን ቆራረጠው፣ መዳፌ ተልጦ እጀታው በደም ይንሸራተት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ ግን አላቆምኩም። አጎትሽ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «ምን አደረገህ ይሄ ድንጋይ?» አለኝ። ደረጃዋ ጋ ስደርስ መዶሻውን ጣልኩት።

«በዚያ በኩል ያዝ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ያዝ ብዬሃለሁ።»

እየተራገመ ተሸከመልኝ። ፈቃዱ ማኅተም ተመትቶበት ወጥቷል፤ ሳምንት ግድግዳ እንጀምራለን። በፕላኑ ላይ ያንቺ ክፍል የለም። እናትሽ ወስናለች፦ ስትመጪ አንቺ ከእሷ ጋር፣ እኔ ሳሎን። አልተከራከርኩም።

ደረጃዋን የፊት በሩ በሚቆምበት ቦታ አስቀምጠናታል፤ ከሠላሳው ሜትር በጣም ርቃ። ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለች ይመስለኛል። አጎትሽ ውኃ ልክ ሊያመጣ ሲነሳ ተዋት አልኩት። እንዳለችም ጫማ ለማሰርም ለመፍታትም ትመቻለች።

የምትረግጪው መሬት ሁሉ ሜዳ ይሁንልሽ። ሜትር ይዞ የሚቆምብሽ ሰው አይግጠምሽ፤ የቤት ውስጡም ጭምር።

አባትሽ