አባዬ ማለት የተወችው

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከረምክ? መሪ ስትይዝ የሚቆረጥምህ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እኛ በአካል ደህና ነን። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እፍረት እጅ ይይዛል።

ጥለኸን ከሄድክ በኋላ አፏ ላይ ካንተ ሌላ ወሬ አልነበረም። አባዬ እንዲህ አለ፣ አባዬ ይህን ገዛልኝ። እኔ አንድም ቀን ክፉህን አላወራኋትም፤ ጎረቤት ይመስክርልኝ፣ ስኮራበትም ኖሬያለሁ። ግን «አባዬ» ባለች ቁጥር አንገቴን ደፍቼ የስፌት መኪናዬን አስጮኸው ነበር። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ድመቷ ስታወራ ደግሞ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ «እሺ የኔ እናት፣ ከዚያስ?» እላታለሁ። ከተራረፈው የልብስ ቁልፍም የሚያብረቀርቀውን መርጬ እሰጣታለሁ። ልጅ ሞኝ አይደለም። ስድስት ወር ሳይሞላ ስምህ ከቤታችን ጠፋ። እኔም «ረሳችው» እያልኩ ለሰው አወራሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወልክ ቀን «ናፍቄሻለሁ?» ስትላት ቀና ብላ ፊቴን አየች። መርፌ ላይ ክር የምሰካ መስዬ ዞርኩ። «አልናፈቅከኝም» አለችህ። አንተም ዘጋህ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ግንባሯን ሳምኳት። መጻፍ ያቃተኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልደወልክም፤ አልፈርድብህም።

ባለፈው ሐሙስ ለደንበኛ ልብስ አድርሼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። አሻንጉሊቷን ታቅፋ «አታልቅሺ፣ አባዬ ይመጣል» ስትላት ሰማሁ። ኮቴዬን ስትሰማ ወዲያው «እማዬ ይመጣል... እማዬ መጣች» ብላ አረመችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እስቲ ስለ አባትሽ ንገሪኝ አልኳት። ፊቴን ስታጠና ቆየችና ቀስ ብላ «ምን ልበል?» አለችኝ።

እባክህ እሁድ ከሰዓት ደውል። ስልኩን ሰጥቻት እኔ ጎረቤት እሄዳለሁ። ዝም ብትልህ አትዝጋ፤ ጠብቃት።

ጠልቼህ መስሎህ ከሆነ ደግሞ፣ የጠሉት ሰው ስም ሲጠራ ስፌት አይዛነፍም። በዚያ ሰሞን የስንት ሰው ቀሚስ አጣምሜ እንደሰፋሁ ደንበኞቼ ያውቁታል።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከድንገተኛ ነገር ይሰውርህ።

የልጅህ እናት