ከሥሩ የበቀለው ፖም

ጅግጅጋ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሶሲዬ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኅትሽስ ደኅና ናት? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ቁጭ ማለት ግን አቅቶኛል። ይህን እስክጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ግቢ ወጥቼ ተመልሻለሁ። እንዳልደውል ስላልሽኝ ደብዳቤውን የጎረቤታችን የዐርዶ ልጅ ዐብዲወሊ በመኪናው ያመጣልሻል። ምሳ ሳታበይው እንዳትሸኚው።

ነገሩ የፖሙ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባትሽ ለሰርጋችን ከጨንቻ ያመጡልን፣ በ2010 ሐምሌ መጨረሻ በረብሻው ከቤታችን ጋር የነደደው ፖም። በዓመቱ ከሥሩ ማቆጥቆጡን ስነግርሽ «ያ ፖም ያፈራ ዕለት እመለሳለሁ» አልሽኝ። እኔም ይኸው አምስት ዓመት የቦቴ ውኃ እያጠጣሁ አሳደግኩት። የካራማራ ነፋስ እንዳይሰብረው በቆርቆሮ ከለልኩት። ዘንድሮ አፈራ።

ቀመስኩት። ትንሽ፣ ደረቅ፣ ፊት የሚያጨማትር ነገር ነው። ያ አይደለም።

ዐርዶ በአጥሩ በኩል አይታኝ ሳቀችብኝ። «ዋላል፣ ወንድሜ፣ አፍርቷል በላትና ትምጣ። ከመጣች በኋላ ስለ ፖም ማን ይጠይቅሃል?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩን አንሥቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። በውሸት ጠርቼሽ፣ የመጀመሪያውን ስትገምጪ ፊትሽን የማይበት አቅም የለኝም።

ከዚያ ጨንቻ ችግኝ የሚያፈላ አንድ ሰው አፈላልጌ ደወልኩ። «ጌታዬ፣ የለፉት ለሥሩ ነው» አለኝ። እኛ የምንበላው ለካ ላዩ ላይ ተቀጥሎ የተዳቀለው ቅርንጫፍ ኖሯል፤ እሱ ነዷል። የበቀለው ከታች ያለው የዱር ፖም ነው። ዓይነቱን ካወቀ ግን ከዚያው ዓይነት ቅርንጫፍ ቆርጦ እንደሚልክልኝና እዚሁ ግንድ ላይ እንደሚዳቀል ነገረኝ። ደስ አለኝ። መጠየቅ ጀመረ።

ቀለሙስ? ቀይ አልኩት። ዐርዶ ከጎኔ «ኧረ ቢጫ ነው፣ ጉንጩ ብቻ ነው የሚቀላው» አለች። በየትኛው ወር ይደርሳል? ወደ ዐርዶ ዞርኩ፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። ልጣጩ ወፍራም ነው? ውስጡስ ምን ይመስላል? ይህንንስ አላጣውም ብዬ «ቡናማ ነው» አልኩት። «እንዲህ ያለ ፖም የለም» አለኝ። ታውቂኝ የለ፣ ተከራከርኩት። ሰባት ዓመት የበላሁትን አንተ ልትነግረኝ ነው ወይ አልኩት። ሰውዬው ታገሠኝና «ዛፉ የማን ነበር?» አለኝ። «የባለቤቴ» ስለው «እንግዲያው እሷን ይጠይቋት» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ጠበበኝ። ነገሩ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ነው። አንቺ ፖሙን ለሁለት ከፍለሽ ድርሻዬን ሳህን ላይ ትተዪልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ከነኸሊል ጋር ጫት በርጫ ላይ አምሽቼ ስመጣ ጠቁሮ ነው የማገኘው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠቁር አልደረስኩበትም። ከዚህ ቤት ያስወጣሽ እሳቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ፣ ሶሲዬ።

ሦስት ፍሬ አብሬ ልኬልሻለሁ። ያ እንዳልሆነ ከሰው ከምትሰሚ ከኔው ስሚው። አፍርቷልና ነይ አልልሽም። ቀለሙን፣ የሚደርስበትን ወር፣ የውስጡን መልክ ብቻ ጻፊልኝ። አዲሱ ቅርንጫፍ እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ይፈጃል ብሎኛል። ይፍጅ።

መድኃኔዓለም ከብርዱም ከክፉውም ይሰውርሽ። እኅትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው
ቀናው

ደግሞ ሳልነግርሽ፦ አሁን ሱቁን የምዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቀጥታ ቤት ነው የምገባው።