የነጋዴው ቤት ትንንሽ እንግዶች

ይድረስ ከሐሳቤ ለማትጠፊው ለእህቴ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ያ ደረትሽን ይዞሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ በቁመት አንቺን አለፈ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ በሐሳቤ ባየሁት ቁጥር ራሱ ጣሪያ እየነካብኝ ተቸግሬአለሁ። የትንሿስ የወለቀ ጥርስ በቀለ? እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የቀረው ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነልኝም። በስልክ «እማዬ እንዴት ናት?» ባልሽኝ ቁጥር «ደህና ናት» ብዬ ቶሎ የምዘጋብሽ አጠገቤ ሆና ስለምትሰማኝ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፣ ሥራ የለኝም፤ እሷም ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች። ሳልደብቅ ልጻፍልሽ ብዬ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ።

የምሠራበት የነጋዴው ቤት ሙዚየም ከሆነ ወዲህ አላየሽውም። እማዬ ሳታገባ በሞግዚትነት የሠራችበት ያው ባለ ፎቁ ቤት ነው። የእንጨት ደረጃው ዛሬም ሲወጡበት ያቃስታል። ምግብ ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶበት እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል፤ ሳህኖቹ ግን ልጆች እንዳያነሷቸው በማጣበቂያ ተለጥፈዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ። እኔ ከፊት እየቀደምኩ «ገመዱን አትለፉ፣ በእጅ አትንኩ፣ ደረጃው ላይ አትሩጡ» እላለሁ፤ እነሱም ገመዱን ያልፋሉ፣ በእጅ ይነካሉ፣ ደረጃው ላይ ይሮጣሉ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ እወደዋለሁ።

እማዬን ቀን ቀን የምታይልኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ነበረች። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቃ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ስፌቴ ላይ ሳቀረቅር እሷ በሩን ከፍታ መንገድ ላይ ትወጣለች። መኪና ቢገጫት ምን ይውጠኛል? በቃኝ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በማግስቱ ለሙዚየሙ ኃላፊ ችግሬን ነገርኳቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ «ከዘበኛው ጋር ትቀመጥ፣ ጎብኚ እንዳታስቸግር ብቻ» አሉኝ። ዘበኛችንን ጥሩምባ ነው የምንለው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። እሱም «እናትህ እናቴ ናት» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲገቡ ግን ከወንበሯ ተነሣች፤ ሻሿን አስተካከለችና ተከትላን ገባች። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቀድማኝ ቆማ፣ «እጃችሁን ታጥባችኋል? እንዲህ አቧራ ለብሳችሁ ማዕድ ልትቀርቡ ነው?» አለቻቸው። ልጆቹ፣ እታለም፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩአት! እሷም እያገላበጠች አየች፤ ይኼኛው ይለፍ፣ ያኛው ተመልሶ ይታጠብ አለች። ከዚያ ሳህኖቹን ላነሳሳ ብላ አንዱን ብትስብ እምቢ፣ ሌላውን ብትስብ እምቢ አላት። «ምን አድርገው ነው የበሉባቸው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህራቸውም እየሳቀ፣ «ተዋናይ ቀጠራችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኃላፊዋ ቀድመውኝ «ለልጆች ትምህርቱ እንዲጥማቸው ብለን ነው» አሉት።

እንዲያ ተጀመረ። ትምህርት ቤቶች ደውለው «እኚያ እናት አሉ?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። እኔም አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ዓይኗን ተክላ የምትውለው እናታችን እዚያ ስትገባ ወገቧ ይቀናል፣ ድምፅዋ ይከፈታል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥ እኔን አታውቀኝም። ማታ ማታ «ልጄ፣ በላህ?» የምትለኝ ሴት ቀን ላይ ባለ ቁልፍ ሰማያዊ ካፖርቴን አይታ የጌቶች ሾፌር ታደርገኛለች። «ሾፌር፣ ልጆቹ ሳይበሉ መኪናውን እንዳታስነሳ!» ትለኛለች። እኔም «እሺ» እላለሁ። ምን ልበላት? ተማሪዎቹ ፊት «ልጅሽ ነኝ» ብዬ ብከራከራት ትደነግጥብኛለች።

ሾፌሩን አንቺም ታስታውሽዋለሽ፤ ትንንሾች ሳለን ስታወራልን ስንት ጊዜ አልቅሰናል። የነጋዴው ትንሿ ልጅ በትኩሳት ስትነድ፣ እማዬ «ከእቅፌ አትውሰዷት» ብላ እየለመነች፣ ሾፌሩ መኪና ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሲመለስ ባዶ መኪና ነዳ። እማዬ ሙዚየሙ ውስጥ ያልረገጠችው ክፍል ቢኖር ፎቅ ላይ ያለው የልጆች መኝታ ክፍል ነበር። ወደዚያ ስንወጣ ሁልጊዜ ደረጃው ሥር ትቀራለች። እኔም እግሯን አሟት እንጂ ሌላ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ወር ትንንሾች መጡ፤ ገና ፊደል የሚቆጥሩ። አንዷ ልጅ ጠዋት ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጀምሮ ፊቷ ቀልቶ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ነበር። መምህሯ ግንባሯን ዳሰሰችና «ትንሽ ሞቅ ብሏታል» ብላ ደረጃው ሥር አስቀመጠቻት፤ «እስክንመለስ እዚሁ ጠብቂኝ» አለቻት። እማዬ አጠገቧ ነበረች። እኔ ደግሞ የኋላውን ግቢ ላሳያቸው ሌሎቹን ይዤ ወጣሁ። ጨርሰን አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ መምህሯ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

ደረጃው ሥር ማንም የለም። እማዬም የለችም። ጥሩምባ ወደ በሩ ሮጠ፤ እኔ ወደ ፎቅ። የልጆቹ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ብገፋው ከውስጥ ወንበር ተደግፎበታል።

«እማዬ፣ ክፈችልኝ፤ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ማን ነህ?»

«ልጅሽ ነኝ።»

«እኔ ገና ያላገባሁ ሴት ነኝ! ምን ዓይነት ባለጌ ነህ?» አለችኝ።

መምህሯ ከኋላዬ ደርሳለች። ጥሩምባ ደርሶ «በሩን ልስበረው?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ቤቱ ሁሉ ሰማው፤ ከውስጥ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እማዬ «አይዞሽ የኔ ዓለም፣ ማንም አይወስድሽም፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» ስትላት ይሰማኛል። እታለም፣ እኛን እንደዚያ ነበር የምታባብለን፤ በዚያው ድምፅ። ከዚያ «ሾፌሩ እዚያ አለ?» አለች።

«አለሁ» አልኩ።

«መኪናውን አስነስተሃል?»

«አላስነሳሁም። ተበላሽቷል፤ ዛሬ የትም አይሄድም።»

«ማልልኝ።»

እኛ ስንምል የምንለውን ታውቂያለሽ። ሌላ መሐላ አልመጣልኝም። «እናቴ ትሙት» አልኳት።

ወንበሩን አነሣችው። ልጅቷ በዚያ አሮጌ አልጋ ላይ እስከ አገጯ ተሸፍና ተኝታለች፤ ግንባሯ ላይ የእማዬ መሐረብ በውሃ ተነክሮ ተቀምጧል። ምንም አልሆነችም። መምህሯ ግን አፈፍ አድርጋ አቅፋት በደረጃው ወረደች። አውቶቡሱ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። እማዬ ድምፁን ሰማችና ወደ መስኮቱ ሄደች። ልጅቷ ስትሳፈር፣ በሩ ሲዘጋ፣ አውቶቡሱ ከግቢው ሲወጣ ቆማ አየች። ትጮኻለች ብዬ ላቅፋት ተጠጋሁ፤ አልጮኸችም። ዞር ብላ አየችኝና «አልተበላሸም ነበር» አለችኝ። ይህንኑ ብቻ።

በማግስቱ የልጅቷ አባት መጣ። ይጣላኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሰውየው ግን ቆቡን በእጁ እያሸ፣ «እናትህ እንዳስታመመቻት ልጄ ነግራኛለች፤ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ በር ሲዘጋ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔን ጠየቀኝ! ኃላፊዋም ወንበራቸው ላይ እየተቁነጠነጡ «እኔም እናት ነበረችኝ፤ ግን ከእንግዲህ እዚህ አትምጣ» አሉኝ። የምቆጣው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር፤ አንድም አጣሁ።

አሁን ጠዋት ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፈዋለሁ። ልብስ ሰፊዋም በሩ ከተቆለፈ እሺ ብላ፣ ቁልፉን ይዛ ቀን ቀን ታያታለች፤ ሰውነቷን የምታጥብልኝም እሷ ናት። ይህንንም ልትተወው ትችላለች፤ ሰው ናት፣ ይደክማታል። እማዬ የነጋዴውን ቤት ረስታዋለች፤ ተማሪዎቹን፣ ልጅቷንም ረስታለች። ሾፌሩን ግን አልረሳችውም። ቤት ስገባ «ይኸው መጣ» ትልና ጥጓን ትይዛለች። ከእጄ አትበላም። ካፖርቱን ሥራ ቦታ ትቼ መምጣት ጀመርኩ፤ ጢሜን ተላጨሁ፤ በልጅነታችን ታንጎራጉርልን የነበረውን እያንጎራጎርኩ ገባሁ፤ ያው ነው። ሐኪሙ «እንዲህ ያለውን ነገር በመድኃኒት ማስለቀቅ አይቻልም፤ ይለቃት ይሆናል፣ ላይለቃትም ይችላል» አለኝ። አንቺ በስልክ ያነሣሽልኝን የአረጋውያን ማረፊያ ሄጄ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ቦታ ግን የለውም፤ አንዱ ሲሞት እንጠራሃለን አሉኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር የማላውቀው ሰው ሞት እየጠበቅሁ እንደሆነ ይሰማኛልና እሱንም መጠበቅ ተውኩ።

ስለዚህ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ወደ ውጭ እወጣለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ እዚህ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። መሄዴን ካረጋገጠች በኋላ ትበላለች፤ ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ እሰማለሁ። የምጦራት በዚህ መንገድ ነው። ነይ አልልሽም፤ እንደማትችይ አውቃለሁ፤ ብትመጪስ ማን ብላ እንደምትቀበልሽ አላውቅም። ሳትሰሚው ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው የጻፍኩልሽ፤ ይቅር በይኝ።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ብርድ አያስመታ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁን «አጎትህ አንገቱን አቅንቶ ሊያይህ ናፍቋል» በይው። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋ «ያ ለትንሿ የሰፋሁላት ቀሚስ ይበቃታል ወይ?» ብላ ጠይቃሻለች፤ ጥሩምባም ሰላም ብሎሻል፣ ጮክ ብሎ።

የእማዬን ሰላምታ ከራሴ ፈጥሬ ልጽፍልሽ አልሆነልኝም። እኔን ስለማታናግረኝ ልብስ ሰፊዋን ለመንኳት፤ ትናንት አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «ሩቅ አገር ላለችው ልጅሽ ደብዳቤ ሊጻፍ ነው፤ ምን እንበልልሽ?» አለቻት። እማዬም፣ «ልጅ አለችኝ?» አለች። «አለችሽ» አለቻት። ያን ጊዜ እኔ ያለሁበትን በር አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲያው ከዚያ ሰውዬ ጋር መኪና እንዳትሳፈር ንገሩልኝ» አለች።

እነሆ ነገርኩሽ።

ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከደጃፉ
እሑድ፣ የካቲት ፫ ቀን