ሥሩን የጠጣ አይታመምም ላሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የቢሮዎ መስኮት ሰፊ ነው ሲባል ስለሰማሁ ደረትዎ ደህና እንደሚሆን አምናለሁ። እኔ ቁልፍ ትተክልልዎ የነበረችው ልጅ እናት ነኝ። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነውና ይታገሡኝ።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ፣ ልብስ ሳሰጣ ነው። የፋብሪካው ጥበቃ መጥቶ፣ እትዬ፣ ልጅዎን ሥራ ላይ ትንሽ ደከም ብሏት ሐኪም ቤት ወስደናታል አለኝ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ፤ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ሲያይ ገባኝ። የእሷን እርጥብ ሸሚዝ በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ለሠራተኛው ሁሉ በጠርሙስ ክዳን እየለኩ ስላጠጡት የሥር ጭማቂ አመሰግናለሁ። ልጄ እንደ ሬት ይመራል ትል ነበር። እማዬ፣ በዚህ አያያዜ ቅርንጫፍ ላወጣ ነው እያለችም ታስቀኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ይህ ሥር ከጉንፋኑም ከሳንባውም ቫይረስ ይጠብቃል ብለው በር ላይ ስለለጠፉ፣ የአፍ መሸፈኛ ማደሉን ስላስቀሩ፣ ጨርቁ አቧራ እንዳይነካውም መስኮቶቹን በሚስማር ስላስመቱ አመሰግናለሁ። ጨርቁ አንድም ቀን አላሳለውም።

ሦስተኛ፣ ሥሩን የጠጣ አይታመምም፣ የታመመ ካለ ደብቆ የተፋ ነው ብለው የሕመም ፈቃድ ስለከለከሉ። ልጄ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት፣ ሳሏን በጨርቅ ክምር ውስጥ እያፈነች የዋለችው ስምዎን አክብራ ነው።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው፣ በሰው ፊት፣ ሥሩን በአግባቡ ብትጠጣ ኖሮ ይህ ባልደረሰባት አሉ። ዛሬ እውነትዎን ነው እላለሁ፤ አልጠጣችውም። የደረሳትን ክዳን ዘወር ብላ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ እየገለበጠች ታመጣልኝ ነበር። እማዬ፣ አንቺ ነሽ ደረትሽ ደካማ፣ አንቺ ጠጪው ትለኛለች። ያመነችው እርስዎን ነው፤ ያዘነችው ለእኔ ነው። እኔም አንድ ጠብታ ሳላስተርፍ ጠጣሁት።

ጠጥቼም ታመምኩ። ያው ትኩሳት፣ ያው ሳል ያዘኝ። ማታ ማታ በአንድ ክፍል፣ እሷ ባልጋዋ እኔ ባልጋዬ፣ እንደ ዶሮ እየተቀባበልን እናስል ነበር። እኔ ተኝቼ ስለታመምኩ ዳንኩ፤ እሷ ቆማ ስለታመመች ቀረች። ሥርዎ ምን እንደሚያደርግ ምስክር ከፈለጉ እንግዲህ እኔ አለሁ።

አሁን ሳሉ አልፎ አልፎ ይመለስብኛል። አስልና ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ከዚያ በኩል የሚመልስልኝ የለም።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ሚስማሮቹን ያስነቅሉ። ያሳላት ልጅ ቤቷ ትተኛ። ልጄ በራሷ ጥፋት እንዳልሞተችም፣ በሰው ፊት እንደተናገሩት፣ በሰው ፊት ይመስክሩልኝ። በእሷ ወንበር ላይ ዛሬ የሌላ እናት ልጅ ተቀምጣለች።

ከትልቅ አክብሮት ጋር፣ ረጅም ዕድሜና ንጹሕ አየር የምመኝልዎ፣
የቁልፍ ተካይዋ እናት

ማስታወሻ፦ ለማጽናኛ የላኩልኝን አንድ ካርቶን የሥር ጭማቂ በጥበቃው እጅ መልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት አስሎዎት ሐኪም ዘንድ ሄደው ቤትዎ እንደተኙ የነገረኝም እሱ ነው። ፈጣሪ ይማርዎት። ምነው፣ ሥሩን ደብቀው ተፉት እንዴ?

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖቼ ግን፣ እኔ ብቻዬን ስጸልይ ድምፄ ከቤቴ የሚወጣ አይመስለኝምና፣ እባካችሁ ልጄን ነፍሷን ይማር በሉልኝ።