አባባና ጠበቃዋ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጎረቤታችንም በመከራ ውሻውን አሰረ።

አባባ መሥራት ላልቻሉ ለሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ያስገባው ማመልከቻ ለምን ውድቅ እንደሆነ ታውቃለህ? ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ ለብሶ ቢሮው ሄደ፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ "እንዴት ነዎት?" ሲለው "ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም" አለ። እነሱም ይህንኑ ጽፈው ሸኙት።

ይግባኙን የያዘችለት በነፃ የምትሟገት ጠበቃ ናት። እሷን "ልጄ" ይላታል፤ እኔን "አንቺ"። ለሷ ወንበር ይስባል፤ እኔን በር ዝጊ ይለኛል። "የከፋውን ቀን ይንገሩኝ" ብትለው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራላት። እኔን በሃያ ዓመት እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም!

የጻፈችለትን ቃል ሳነብ ደሜ ፈላ። ለካ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተው ዓመት አልፎታል። "ልጄ ሻይ ስታቀርብልኝ ጠጥቻለሁ የምላት፣ ብርጭቆው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ እንዳታይ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ሻዬን ናቀ ብዬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ! ለባዳ የሚነገር ነገር ለኔ ሲሆን ምን ነካው?

ለማንኛውም ድጋፉ ተፈቅዶለታል። ዳኞቹ አንድም ጥያቄ አልጠየቁትም አሉ፤ እጁን አይተው ወዲያው ፈረሙ። ይህንንም የነገረችኝ ጠበቃዋ ናት፤ እኔን ውጭ ጠብቂ ብሎኝ ነበር።

እሁድ በቪዲዮ ስትደውልለት "ደህና ነኝ" ቢልህ ዝም ብለህ አትመነው። አንተን እምቢ አይልህም፤ "እስቲ እጅህን አሳየኝ" በለው። እኔ ስገባ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ።

በር የምትዘጋው እህትህ