አንደኛ የወጣሁበት ዝናብ

ይድረስ ለወንድሜ ለአሻግሬ፤ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

በአሥረኛው የአብዮት በዓል ከጓደኛዬ ከአራጌ ጋር እዚሁ መካነ ሰላም በብስክሌት ተወዳደርን። ሽልማቱ አንድ ኩንታል ስንዴ ስለነበር እማዬ ለንፍሮ ውሃ ጥዳ ጠበቀችኝ። ዓመቱን ሙሉ የጠፋው ዝናብ ያን ዕለት ቢወርድ፣ ካድሬው "ፀረ አብዮት ዝናብ!" አለው። መንገድ ዳር የተሰለፈው ረኀብተኛ አጨብጭብ ቢባል እጁን ማንሳት አቃተው። አራጌ ጭቃው ላይ ወድቆ "በሞቴ አንሳኝ!" ሲለኝ፣ "ስንዴው ይቀድማል!" ብዬው አለፍኩና አንደኛ ወጣሁ። ኩንታሉን እንዳቀፍኩ ካድሬው በድምፅ ማጉያ "ጓድ ካሳ ሽልማቱን ለበዓሉ ግብዣ በፈቃዱ አበረከተ!" አለ። በፈቃዴ መስጠቴን ከሕዝቡ ጋር እኩል ሰማሁ።

እማዬ ደህና ናት፤ "በልቻለሁ" ትላለች። ስትመጣ ቀሚስ እንዳትገዛላት፤ የድሮው አሁን ሁለት ሰው ይይዛል።

ሰላምህ ይብዛልኝ።
ወንድምህ ካሳ